በቃኝ ለማለት ስንት ሰው ያስፈልጋል?

(በጅማ ከተማ፣ በሰፈራችን እድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ጎረቤቶች እንዲደርስ ከሞላ ጎደል እንደተነገረ አቅርቤዋለሁ።)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጂርቱ?

ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። ግማሾቻችሁን ፊደል ያስቆጠርኩ ስለሆንኩ ቆማችሁ ስትሰሙኝ ደስ አይለኝም። እንዲህ ነው። ተባረኩ።

ዳኛችን ስለ ኑሮና ስለ ደስታ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ብዙ ሌሊት አሰብኩበት። ደስታን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልገባሁም። 34 ዓመት ያስተማርኩት አማርኛ ነው፤ የማውቀው ቃላትን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ቃል እነግራችኋለሁ። ቃሉ «በቃኝ» ነው። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ስለ ቃሉ፣ ቀጥሎ ይህን ቃል ማለት አቅቶኝ ስላቃጠልኳቸው ሰባት ዓመታት፣ በመጨረሻም ከእናንተ ስለምፈልገው አንድ ነገር።

ወደ ቃሉ ልግባ። «በቃኝ» ስንት ድምፅ አለው? ራሳችሁ አድምጡት። የጠገበ እንግዳ እጁን ከመሶቡ ሰብሰብ አድርጎ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ያው ሰው በማግስቱ በሥራው ተማርሮ ወይም በትዳሩ ተሰላችቶ «በቃኝ!» ይላል። የፊተኛውን ሲል ፊቱ ይፈካል፤ የኋለኛውን ሲል ፊቱ ይጠቁራል። ሦስተኛም አለው። ልጃችን ሲመረቅ «ለዚህ ቀን በቃ» እንላለን። ልጃገረዷን «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብለን እንመርቃለን። ሥራውን አሳምሮ የሚችለውን «ብቁ» እንለዋለን፤ በጸሎትና በትሕትና የኖሩትን አባት «የበቁ» እንላቸዋለን። አያችሁ? መጥገብም፣ መሰልቸትም፣ ከማዕረግ መድረስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ለጅማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በአፋን ኦሮሞም «ና ገአ» ስንል በቃኝ ማለታችን ነው፤ «ገኡ» ደግሞ መድረስም ነው። አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቋንቋዎች በቃኝ ያለን ሰው እንደ ደረሰ ሰው ይቆጥሩታል። ይህን ያስተዋልኩት በክፍል ውስጥ ሳይሆን አንዲት ዋንዛ ሥር ቁጭ ብዬ ስዳኝ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን ግን ስለ ማዕድ ትንሽ ልንገራችሁ፤ እናቴ በዓይኔ መጣችብኝ። እናቴ ቤት የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው «በቃኝ» ከገበታ ተነሥቶ አያውቅም። «በቃኝ» ሲላት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። «እኔን አፈር ያድርገኝ፣ ይህችን ብቻ» ትለዋለች። ያጎርሳል እጇ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ትደግማለች። እንግዳው እየሳቀ፣ እየማለ፣ እየተገዘተ ይጎርሳል። ሐሙስ ገበያ እህል ልትሸጥ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች። ቁናው ሞልቶ ከተቆለለ በኋላ በእፍኟ ምራቂ ትጨምራለች። ልጅ ሆኜ «እማዬ፣ ከሞላ በኋላ ለምን ትጨምሪለታለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ቁናው የሞላው ለገንዘቡ ነው፤ ይህ ለእሱ ነው» አለችኝ።

ለእሱ ነው! ይህን ቃል ለመረዳት አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሳይለመን የበላ እንግዳ ጠግቦ ይሄዳል? ሆዱ ይሞላ ይሆናል። ወጥቶ ግን «ምን ያለ ቤት ነው!» ይላል። የተለመነው፣ በሞቴ የተባለው፣ በእጅ የጎረሰው ሰው በግማሽ እንጀራም ቢሆን «በቃኝ» ሲል ከልቡ ነው። እንግዳው «በቃኝ» የሚለው እንጀራው ስለበዛ አይደለም። እንደታየ ሲያውቅ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። «በቃኝ» በራስ አፍ ብቻ የሚባል ቃል ነው። ለራበው ሰው «ይበቃሃል» ማለት ግፍ ነው። ደመወዙ ወሩን ለማያጋምስለት ሠራተኛ ስለ መርካት መስበክ ግፍ ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻይው፣ ያለሽ ይበቃሻል» ማለት ግፍ ነው። በዚህ ሰፈር እንዲህ ስንል ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴ ከዓመታት በፊት ለአንዲት ጎረቤቴ ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔ ዛሬ የምናገረው ለማን ነው? እየበላ ለሚራበው ነው። ቤት እያለው ቤት ለሌለው፣ እህት እያለችው እህት ለሌለው ነው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው ነገሬ እዚህ ላይ ይጀምራል።

አባታችን ከአጋሮ ወጣ ብሎ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የቡና መሬት ነበረው። በልጅነታችን ከእህቴ ጋር ለቀማ እንወርድ ነበር። የአባታችን ሕግ አንድ ነው፤ ቀዩን እሸት ብቻ ልቀሙ፣ ጥሬውን አትንኩ። ቡና በአንድ ቀን አይቀላም፤ አንዱ ዘለላ ላይ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም አብሮ ነው። ስለዚህ አንዱን ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ ተመላልሶ መልቀም ያስፈልጋል። የሚቸኩል ሰው ቅርንጫፉን በእጁ ሙልጭ አድርጎ ያወርደዋል፤ ጥሬውም ይበላሻል፣ ቀዩም ዋጋው ይወርዳል።

አንድ ዓመት ቡናው ጭልጭል ብሎ ቀረ። አምና ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ ያፈራ ዛፍ ዘንድሮ ፍሬው በጣት የሚቆጠር ሆነ። የቡና ነገር እንደዚህ ነው፤ አንድ ዓመት ከበረታ በሚቀጥለው ይደክማል። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ «አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት። አባቴ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አምና ሰጥቶን የለም እንዴ? ዘንድሮ አርፏል» አለኝ። ዛፉን አልተቆጣውም። ለዛፍ ማረፍን የፈቀደ ሰው ልጆቹ በጥቂት እግር ቡና ይካሰሳሉ ብሎ በሕልሙም አላየም።

አባታችን ካረፈ በኋላ መሬቱን ተካፈልን። በእኔና በእህቴ ድርሻ መካከል አንዲት ትልቅ ዋንዛ አለች። ከዋንዛዋ ሥር እስከ ቦይዋ ድረስ 17 እግር ቡና አለ። የእኔ ነው አልኩ። የእኔ ነው አለች። በዚህ ተጀመረ።

እስቲ 17 እግር ቡና ምን ያህል እንደሆነ አስሉልኝ። እዚህ ቡና አምራቾች አላችሁ። በደግ ዓመት ከአንዱ እግር ሦስት ኪሎ ቀይ እሸት ብንለቅም፣ በድምሩ 51 ኪሎ ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ተፈልፍሎና ደርቆ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ኪሎ ቡና! እሱም በሚበረታበት ዓመት። እኔ ለዚህ ቡና ሰባት ዓመት ተካሰስኩ። ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ ተመላለስኩ። በቀጠሮ ቀን ተማሪዎቼን ለሌላ መምህር ትቼ ሄድኩ። ለጠበቃ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሰነድ ማስገልበጫ ያወጣሁትን ገንዘብ ደብተር ላይ ጽፌው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መጻፉን ተውኩት፤ ማየቱ አስፈራኝ። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ሲያገባ አልተጠራሁም። የእኔ ልጅ ስትመረቅ አልጠራኋትም። እህቴ ሁለት ጊዜ ታማ ተኝታ ተነሥታለች፤ የሰማሁት ከሰው ነው።

እና ምን እንዳጣሁ በደንብ የገባኝ መቼ መሰላችሁ? በአምስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ቡና እንዴት እንደሚያብብ ታውቃላችሁ። ሌሊቱን በረዶ የወረደበት ይመስል አገሩ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው ከመንገድ ይቀበላችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ይረግፋል። እኔ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጬ የክስ ወረቀቴን እያነበብኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «አቤት፣ አቤት፣ ይህን መዓዛ!» አሉ። ቀና አልኩ። ነጭ ነው፤ ግራና ቀኙ ነጭ ነው። ለካ ባለፉት አራት ዓመታትም በዚህ ወቅት በዚሁ መንገድ አልፌ ነበር፤ አንዱንም አላየሁትም። ስለ ቡና እየተካሰስኩ የቡና አበባ አላየሁም!

በዚያን ቀን ታረቅሁ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ገና ሁለት ዓመት ቀጥያለሁ። ሰው እልህ ውስጥ ከገባ አበባ ብቻውን አያወጣውም።

በመጨረሻ ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ጉዳዩን ከፍርድ ቤት አውጥተው በእጃቸው ያዙት። ዋንዛዋ ሥር ተቀመጥን። አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ መምህር ነኝ፤ ንግግሬን በሥርዓት አዘጋጅቼ ነበር፤ ምስክር፣ ወረቀት፣ የአባቴ ቃል። አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ እስከዚያ አንድ ቃል ያልተናገሩት አባት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝና «ሜቃቱ ሲ ገአ?» አሉኝ። ስንት ይበቃሻል?

ስለ ድንበሩ ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። ስለ ሕጉ ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። ስንት ይበቃሻል ለሚለው ግን መልስ አጣሁ። 17ቱ ቢሰጠኝ ይበቃኛል? አይበቃኝም ነበር፤ ቀጥዬ ስለ ቦይዋ እከራከር እንደነበር በዚያች ቅጽበት አወቅሁት። እኚያ አባት በጥያቄያቸው ውስጥ ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። «ገአ» መድረስም ነው ብያችኋለሁ። የት ስትደርሺ ነው የምትቆሚው ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩና ያንኑ ጠየቋት። እህቴ አቀርቅራ ብዙ ቆየች። ቀጥላ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እኔ ዛፍ አልፈለግሁም» አለች። «አባታችን ሁለት ዓመት ሲታመም ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት፣ ሌሊት የተነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ ከተማ ነበረች፤ ሥራ ነበራት፤ አልቀየምኩም። ግን ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን እንኳን "እህቴ፣ ደከመሽ" አላለችኝም። የመጣችው ሜትር ይዛ ነው።»

ወገኖቼ፣ እውነት ነበር። ሜትር ይዤ ነው የሄድኩት።

ተነሥቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌ ስላዘዘኝ አይደለም፤ ጉልበቴ አልቆም ብሎኝ ነው። ያልኳትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህቴ፣ ደከመሽ።» ሰባት ዓመት የዘገየ ሁለት ቃል! እህቴ አንሥታ ሳመችኝና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «በቃኝ፣ ዛፉን ትውሰደው» አለች። እኔም አልወስድም አልኩ። አሁን 17ቱን እግር ማንም ለብቻው አይለቅመውም፤ አብረን እንለቅመዋለን፣ ለቤታችን ፍጆታ እንካፈለዋለን።

ሦስተኛው ነገሬ አጭር ነው፤ ዳኛችን ሰዓታቸውን ማየት ስለጀመሩ ብቻ አይደለም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ታሪኬን ነግሬያት ሁለት ጥናቶች አነበበችልኝ። አንደኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የታተመ ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ትልቅ የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ዕጣ ካልወጣላቸው 22 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ባለ ዕጣዎቹ ከሌሎቹ ይህን ያህል የሚበልጥ ደስታ አልነበራቸውም። ይልቁንም ቁርስ ከመብላት፣ ከወዳጅ ጋር ከማውራት፣ ቀልድ ከመስማት የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይህን ስትነግረኝ የቡናው አበባ ትዝ አለኝ። ለእነሱ ትልቁ ዕጣ ትንሹን ነገር ጋረደባቸው፤ ለእኔ ደግሞ ትልቁ ክስ።

ሁለተኛው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ተጀምሮ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። 724 ወንዶችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተከታትሏል፤ ግማሽ ያህሉ እንኳን አይደሉም ከዩኒቨርሲቲው የመጡት፤ የሚበዙት ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የተመረጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጎልቶ የወጣው ነገር፣ በእርጅና ጤናንና ደስታን ከሚደግፉት ነገሮች መካከል ከሰው ጋር ያለን መልካም ግንኙነት ዋነኛው መሆኑ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ «እሱን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት?» ትል ነበር። እኔ ግን መጠናቱ ደስ ይለኛል፤ ለምን? ምክንያቱም እኔ ራሴ የእናቴን ልማድ እያየሁ አድጌ አላመንኩትም ነበር።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በዚህ እድር ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ በቀብሩ ላይ ይነበባል። ብዙ ጽፌያለሁ። ከእነዚያ አንዱን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። ባሏ የሞተባት እናት አጠገቤ ተቀምጣ ትናገራለች፤ የት ተወለደ፣ የት ሠራ፣ ስንት ልጅ ወለደ። ከዚያ ዝም አለችና «ይህን አትጻፊው» ብላ ጀመረች። «ከተጋባን ጀምሮ እኔ ሳልነቃ ተነሥቶ ውኃ ይቀዳልኝ ነበር። ቧንቧ ቤታችን ከገባ በኋላም ልማዱ ሆኖ ባልዲውን ሞልቶ በር ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር።» እስክሪብቶዬን አስቀምጬ «ነግረሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ በድንኳኑ ካለቀሰችው ይለያል።

እኔ ይህን መጻፍ ደከመኝ። እውነቴን ነው። የሟችን ደግነት ከሟች በስተቀር ለሁሉም ማንበብ ደከመኝ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ አንዱን ሰው እዩት። ሚስትህን እያት። እናትሽን እያት። ወንድምህን፣ የቤት ሠራተኛችሁን፣ ማለዳ የምትጋግረውን ልጅ እዩ። ያየኸውን በአፍህ ንገራት፤ «ደከመሽ» በላት። «የሞላኸውን ባልዲ አይቼዋለሁ» በዪው። በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሰው ገና ጥሬ ነው፣ አንዳንዱ ቁጣ ገና አልበሰለም። ሙልጭ አድርጋችሁ ለመልቀም አትሞክሩ። ነገም ተመለሱ፤ ከነገ ወዲያም ተመለሱ።

ወጣቶች፣ እናንተን ደግሞ ለብቻ። ለእናንተ «በቃን በሉ» አልልም፤ ገና ብዙ ልትደርሱበት የሚገባ አለ። ተማሩ፣ ሥሩ፣ ነግዱ፣ ውጡ፣ ግቡ። ግን እያንዳንዱን ነገር ስትጀምሩ የእኚያን ሽማግሌ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ፤ ስንት ይበቃኛል? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ ሜትሩን ይዤ ከመሄዴ በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ የእህቴን ልጅ ሠርግ እበላ ነበር።

ሌላም ልናገር አስቤ ነበር፤ ይቅር። ትናንት እህቴ ከአጋሮ መጥታ እኔ ቤት አድራለች። ዛሬ ስወጣ «ስለ ምንድን ነው የምትናገሪው?» አለችኝ። «ስለ በቃኝ» አልኳት። «ስለ እኔም ትናገሪያለሽ?» አለች። «ከፈቀድሽልኝ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ተናገሪ፤ ግን ጀበናው ሳይበርድ ነይ» አለችኝ። ቡናው የዋንዛዋ ሥር ቡና ነው። ከዚህ ቤቴ ሩቅ አይደለም፤ መምጣት የምትፈልጉ ከእኔ ጋር ተነሡ።